ጊታሩን አስቀምጦ ሄደ



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ ዘፈን ነው። ከ5 ደቂቃ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ከበሮ የለውም። መግቢያው ላይ ከሩቅ የሚንሳፈፍ ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ አንድ ሰው ጊታር ይዞ ያንጎራጉራል። ሲጮህ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ዝቅ ሲል ለራሱ የሚያወራ ይመስላል። ዘፈኑ የሚያልቀው ግን በዜማ አይደለም። የመጨረሻው ክር ንዝረት እየሳሳ ሲሄድ ዘፋኙ ጊታሩን ሲያስቀምጥ ይሰማል። ተነሥቶ ሲሄድም ይሰማል። አልበሙም እዚያው ላይ ያበቃል።

መጀመሪያ የሰማሁት ውድቅት ላይ ነበር፤ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ፣ መብራት አጥፍቼ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ። ያ ድምፅ ሲመጣ ማዳመጫውን ነጥቄ አውልቄ ወደ በሩ ዞርኩ። ከክፍሌ ሰው የወጣ መስሎኝ ነበር። በሩ እንደተቀረቀረ ነው። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ አንድ ጥያቄ አብሮኝ ይኖራል፤ ተነሥቶ የሄደው ማን ነው? ወዴትስ ነው የሄደው?

ዘፈኑ "ቱ ሄድድ ቦይ፣ ፓርት ቱ" ይባላል፤ "ባለ ሁለት ራሱ ልጅ፣ ክፍል ሁለት" ማለት ነው። የሚገኘው ኒውትራል ሚልክ ሆቴል የተባለው የአሜሪካ ባንድ በ1998 ፌብሩዋሪ ባወጣው አልበም መዝጊያ ላይ ነው። (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የአልበሙ ስም "ኢን ዘ ኤሮፕሌን ኦቨር ዘ ሲ" ነው፤ ከባሕሩ በላይ በአውሮፕላን እንደማለት። 11 ዘፈኖች አሉት፤ ሁሉም ተሰብስበው ከ40 ደቂቃ አያልፉም። ግጥሙንም ዜማውንም የደረሰውና የሚዘፍነው ጄፍ ማንገም ነው።

ኢንዲ ሮክ የሚለው ቃል ለሁላችሁም ላይታወቅ ይችላልና ባጭሩ ላስረዳ። ኢንዲ ማለት ራሱን የቻለ ማለት ነው። ከትልልቆቹ የሙዚቃ ኩባንያዎች ውጭ፣ በትንንሽ አሳታሚዎች፣ በትንሽ ገንዘብ የሚሠራ የሮክ ሙዚቃ ነው። ይህን አልበም ያሳተመው መርጅ ሬከርድስ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ በ1989 በሁለት ሙዚቀኞች የተመሠረተ ድርጅት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያስቀረጸው 5,500 ሲዲና 1,600 ሸክላ ብቻ ነበር። ከዚያ በላይ ይሸጣል ብሎ የጠበቀ ሰው አልነበረም። ዛሬ ግን በዚህ የሙዚቃ ዘርፍ ከሁሉ በላይ ከሚወደዱት ሥራዎች አንዱ ሆኗል። መጽሐፍ ተጽፎለታል፤ አልበሙ ሲወጣ ያልተወለዱ ልጆች በቃላቸው ይዘፍኑታል።

ማንገም ያደገው ራስተን በምትባል የሉዊዚያና ከተማ ነው። በልጅነታቸው አብረውት ሙዚቃ የጀመሩ ጓደኞች ነበሩት፤ ሮበርት ሽናይደር፣ ዊል ኩለን ሃርት፣ ቢል ዶስ። ስቱዲዮ አልነበራቸውም። በየመኝታ ቤታቸው በካሴት ይቀዱና ቅጂውን እርስ በርስ ይለዋወጡ ነበር። ኋላ ይህ ወዳጅነት ኤለፈንት ሲክስ በሚል ስም ታወቀ። ይህን የምነግራችሁ ያለምክንያት አይደለም። አንድ ሰው ለብዙ ሕዝብ ሲዘፍንና ስሙን ለሚያውቁት አምስት ጓደኞች ሲዘፍን ድምፁ አንድ አይደለም። ማንገም የለመደው ሁለተኛውን ነው። ስለዚህም ይመስለኛል በዘፈኑ ውስጥ ሰው ፊት የማይባለውን ነገር ሳያፍር የሚለው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ማንገም አንድ መጽሐፍ ቤት ገብቶ የአና ፍራንክን ማስታወሻ ገዛ። አላነበበውም ነበር። ሁለት ቀን ፈጅቶ አነበበውና ሦስት ቀን አለቀሰ። ይህን የተናገረው ራሱ ነው፤ አልበሙ በወጣ ሰሞን ለአንድ የሙዚቃ መጽሔት። ሌሊት ሌሊት ሕልም ያይ እንደነበርም በዚያው ተናግሯል። በሕልሙ ጊዜን ወደ ኋላ የሚሻገር መሣሪያ ኖሮት ሊያድናት ይሄዳል። ሲነቃ 1945 እዚያው ነው፣ እሱም እዚህ ነው።

እስቲ አስቡት። ልጅቱ ከሞተች 50 ዓመት ሞልቷታል። አገሯ ሌላ፣ ቋንቋዋ ሌላ፣ ሃይማኖቷ ሌላ። እሱ ደግሞ የ20ዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ የሉዊዚያና ወጣት ነው። በእኛ ቋንቋ ይህን ነገር የሚጠራልኝ ቃል ስፈልግ ሙሾ የሚለው ላይ ደርሼ ነበር፤ ግን አልበቃኝም። ሙሾ ድንኳን አለው፣ ተቀባይ አለው፣ ከጎን ሆኖ የሚያለቅስ ሰው አለው። ይህ ልጅ ሐዘኑን ለማን ይንገር? ማን ደርሶ እግዜር ያጥናህ ይለዋል?

ታሪኳን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ ሆኖም ዘፈኑን ለመስማት አንዳንዱ ዝርዝር ያስፈልገናልና ታገሡኝ።

አና የተወለደችው ጁን 12 ቀን 1929 ጀርመን ውስጥ ፍራንክፈርት ነው። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ቤተሰቡ ወደ አምስተርዳም ተሰደደ። ጀርመን ሆላንድን ከወረረ በኋላ፣ ጁላይ 6 ቀን 1942፣ ከአባቷ መሥሪያ ቤት ጀርባ ባለው ክፍል ተደበቁ። በኋላ ሌሎች መጥተው ስምንት ሰው ሆኑ። ቀን ቀን ታች ሠራተኛ ስላለ መራመድ እንኳ በጥንቃቄ ነው። ማስታወሻ ደብተሩ ለ13ኛ ዓመት ልደቷ የተሰጣት ስጦታ ነበር። ሁለት ዓመት ያህል ጻፈችበት። ኦገስት 4 ቀን 1944 ተያዙ። መጀመሪያ ወደ ቬስተርቦርክ፣ ከዚያ ወደ አውሽቪትዝ ተጋዙ፤ በመጨረሻም አናና እህቷ ማርጎት ወደ በርገን ቤልሰን ተወሰዱ። በ1945 ፌብሩዋሪ ወይም ማርች ሁለቱም በተስቦ ሞቱ። የእንግሊዝ ጦር ካምፑን ነጻ ያወጣው ኤፕሪል 15 ነው። ሳምንታት ናቸው የቀሯቸው።

ሳምንታት። ማንገም ሊውጠው ያቃተው ይህን ነው። ስድስተኛው ዘፈን "ሆላንድ፣ 1945" ይባላል፤ ከአልበሙ ሁሉ ፈጣኑና ጩኸት የበዛበት ነው፤ ጥሩምባውና ከበሮው የበዓል ሰልፍ ይመስላል። የሚናገረው ግን ከእህቷ አጠገብ ስለተቀበረች ልጅ ነው። እዚያው ዘፈን ውስጥ ልጅቱ ስፔን አገር ወንድ ልጅ ሆና ዳግም ትወለዳለች። በሕልሙ ያልተሳካለትን ማዳን በግጥም ይሞክረዋል። ሞት አልቀበል ሲለው ሌላ ነፍስ ይፈልግላታል።

ቀረጻው የተካሄደው በ1997 በጋ ዴንቨር ውስጥ ነው። ፕሮዲውሰሩ ያ የልጅነት ጓደኛው ሮበርት ሽናይደር ነበር። የአልበሙን መሣሪያዎች ብትሰሙ ትገረማላችሁ። ጁሊያን ኮስተር የአናጢ መጋዝ ጉልበቱ ላይ አጥፎ በቫዮሊን ቀስት ይገዘግዘዋል፤ ድምፁ በሴት ልጅ እንጉርጉሮና በነፋስ ፉጨት መካከል ነው። ስኮት ስፒላን የናስ መሣሪያዎቹን ይዟል፤ ከእሱ ጥሩምባ የሚወጣው ዜማ አንዳንዴ ሬሳ የሚሸኝ የሰልፈኛ ባንድ ነው። ጄረሚ ባርንስ ከበሮውን ይመታል። የማንገም ጊታር ደግሞ ተራ የእንጨት ጊታር ነው፤ ሽናይደር ግን ድምፁን ከልክ በላይ ከፍ አድርጎ እየቀዳ አሻከረው። ክሩ ሲመታ እንጨቱ የሚሰነጠቅ ይመስላል።

አሁን ወደ ባለ ሁለት ራሱ ልጅ እንምጣ። ይህ ልጅ በአልበሙ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ አራተኛው ዘፈን ላይና በመዝጊያው። በአራተኛው ዘፈን የሚኖረው በብልቃጥ ውስጥ ነው። ድሮ በየትርኢቱና በየቤተ ሙከራው እንደሚታዩት፣ በፈሳሽ ተዘፍቆ የተቀመጠ ፍጥረት። ብልቃጡን ከውስጥ ይመታል። የሚወዳት ልጅ አለች። በጨለማ ውስጥ ሆኖ ሬዲዮ ይሠራላታል።

ሁለት ራስ ምንድን ነው? ብዙ ትርጉም ተሰጥቶታል፤ እኔ የደረስኩበትን ልንገራችሁ። ለሰው ያዘነ ሰው ሁሉ ሁለት ራስ ያበቅላል። አንደኛው ራስ መሞቷን ያውቃል፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ በሽታውን ይቆጥራል። ሁለተኛው ራስ አይሰማም። በር ሲንኳኳ እሷ ናት ይላል። ሁለቱ በአንድ አንገት ላይ ስለሆኑ አንዱ ሌላውን ጥሎ መሄድ አይችልም። ሰው የሞተበት ሁሉ ይህን ያውቃል ብዬ አምናለሁ። ማንገም ለዚህ ነገር መልክ ሰጠው፣ ብልቃጥ ውስጥም አኖረው። ብልቃጡም ልክ ነው፤ ውጭው ይታያል፣ መውጣት ግን የለም።

ሬዲዮውስ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ዝም ብሎ የሚያልፈው ነገር ነውና። እነአና በተደበቁበት ቤት ሬዲዮ ሕይወት ነበር። ከለንደን የሚተላለፈውን ያዳምጡ ነበር። ማርች 28 ቀን 1944 በስደት ያለው የሆላንድ መንግሥት ሚኒስትር ቦልከስታይን በሬዲዮ ቀርቦ ሕዝቡ የጦርነቱን ዘመን ማስታወሻዎችና ደብዳቤዎች እንዲያኖር ጠየቀ፤ ሰላም ሲሆን ይሰበሰባሉ አለ። አና ይህን ሰማች። ከዚያ በኋላ የጻፈችውን ሁሉ ከመጀመሪያው አንሥታ እንደ መጽሐፍ አድርጋ እንደገና መጻፍ ጀመረች። ዛሬ የምናነበው ማስታወሻ አንዱ መነሻ በግድግዳ ውስጥ የገባ የሬዲዮ ድምፅ ነው ማለት ነው። ማንገም ይህን አስቦ ይሁን ሳያስበው ይምጣለት ለክርክር አልቆምም። እኔ ግን በጨለማ ውስጥ ሽቦ የሚቀጥለውን ልጅ በሰማሁ ቁጥር የሚታየኝ ያ ክፍል ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዘፈን ያልፋል። "ኦ ካምሊ" የሚባለው ከ8 ደቂቃ በላይ ይሄዳል፤ በአንድ ትንፋሽ የተቀዳ ነው፤ ሲያልቅ ከኋላ ያለ ጓደኛው በመደነቅ ሲጮህ በቀረጻው ላይ ይሰማል። አሥረኛው ርዕስም ቃልም የለውም፤ በአይሪሽ የከረጢት ዋሽንት ይጨፍራል። ያ ሁካታ ድንገት ይቆምና የመጨረሻው ዘፈን ይጀምራል።

በመጀመሪያው ስንኝ ዘፋኙ አባቱን ይጣራል። ስማኝ፣ ይህን ዘፈን ስማልኝ ነው የሚለው። ለብዙ ዓመታት ይህን ስሰማ የማንገምን የራሱን አባት ብቻ አስብ ነበር። አንድ ቀን የኦቶ ፍራንክን ታሪክ እያነበብኩ ሳለ ይህ ስንኝ መጣብኝ፤ ከዚያ ወዲህ በሌላ ጆሮ መስማት አልተቻለኝም።

ኦቶ የአና አባት ነው። ከተደበቁት ስምንት ሰዎች መካከል የተረፈው እሱ ብቻ ነው። ጃንዋሪ 27 ቀን 1945 የሶቪየት ጦር አውሽቪትዝ ሲገባ በሕይወት አገኘው። ሚስቱ ኢዲት በዚያው ወር ነው የሞተችው። እሱ ወደ አምስተርዳም የተመለሰው ልጆቼ ይመጣሉ ብሎ ነበር። መሞታቸው ሲረጋገጥ፣ ሚፕ ኺስ የተባለችው ደብቃ ስታኖራቸው የነበረች ሴት ከወለሉ ላይ ለቅማ ያስቀመጠቻቸውን ወረቀቶች አምጥታ ሰጠችው። አንዲቷንም አላነበበችም፤ ለባለቤቷ ልትመልስ ነበር የጠበቀቻቸው። ኦቶ አነበበ። በኋላ ሲናገር፣ ልጄን እንዲህ አድርጌ አላውቃትም ነበር ብሏል። ሁለት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር የኖረችውን ልጁን የሰማት ከሞተች በኋላ፣ በወረቀት ነው። ከዚያም በ1947 አሳተመው።

ሌላም ነገር አለ። በ1945 ፌብሩዋሪ በርገን ቤልሰን ውስጥ ሀና ጎስላር የተባለች የትምህርት ቤት ጓደኛዋ አናን በአጥር ማዶ አገኘቻት። አገኘቻት ስል በድምፅ ነው፤ አጥሩ ውስጥ ጭድ ተጠቅጥቆበት ስለነበር መተያየት አይቻልም። ሌሊት ነው። አና አለቀሰች። ወላጆቼ ሞተውብኛል፣ ማንም የለኝም አለች። ሀና የምትበላው ነገር ቋጥራ በአጥሩ ላይ ወረወረችላት፤ ሌላ እስረኛ ቀማቻት። በሌላ ሌሊት ደግማ ወረወረች፤ ያን ጊዜ ደረሳት። ሀና ዕድሜ ጠግባ በ2022 እስክታርፍ ድረስ አንድ ነገር ትናገር ነበር። አና አባቷ በሕይወት እንዳለ ብታውቅ ኖሮ ምናልባት ለመኖር ጉልበት ታገኝ ነበር ትል ነበር። አባትየው በዚያች ሰዓት በሕይወት ነበር። ነጻም ወጥቶ ነበር።

አሁን ያን የመጀመሪያ ስንኝ፣ አባትን ስማኝ የሚለውን፣ ይህን ታሪክ ይዛችሁ ስሙት።

ከአባትየው ቀጥሎ ወንድም ይመጣል። ግጥሙ በግልጽ አይናገርም፤ ነገር ግን የሚስለው ራሱ የፈረሰን፣ በገዛ እጁ የሞተ የሚመስልን ወንድም ነው። የተሰባበረውን ፊት ሰብስቦ መልሶ ፈገግታ ሊሠራለት ይሞክራል። ከአልበሙ ሁሉ ለመስማት የሚከብደው ይህ ቦታ ነው፤ አንዳንድ ቀን እዚህ ላይ አቁሜዋለሁ። ግን ወንድምየው እዚያ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። እስከዚህ ድረስ ማንገም ለሩቅ ሰው ያለቀሰ መስሎን ነበር። የሩቁ ሐዘን የቅርቡን ይዞ እንደመጣ የምናውቀው እዚህ ነው። ሰው አንዳንዴ በሌላ ሰው ለቅሶ ላይ የራሱን ሟች ያነሣል፤ ይህ ዘፈን ሁለቱን በአንድ ዜማ ላይ አስቀመጣቸው፣ አንዱን ከሌላው አላሳነሰም።

በመካከሉ ስለ ፈጣሪ ይናገራል። ፈጣሪን በሰው አምሳል አልሳለውም፤ ዕድሜ ልክ እንደሚጠበቅ ስፍራ ነው የሳለው። ማንገም በልጅነቱ በቤተ ክርስቲያን ካምፖች ያለፈ ሰው ነው። በአልበሙ ሁለተኛ ዘፈን ላይ ለክርስቶስ ያለውን ፍቅር በሙሉ ድምፁ ይጮኸዋል፤ ብዙ የሮክ አድማጭ ይህን እንደ ቀልድ ወሰደው። እሱ ግን ከአልበሙ ጋር በታተመው ጽሑፍ ላይ መልስ ሰጥቷል። የምዘፍነውን ሁሉ ከልቤ ነው አለ፤ ሐሳቡ ግን በአንድ ሃይማኖት ላይ የቆመ ሳይሆን በነገር ሁሉ ውስጥ ዘላለማዊ ብርሃን አለ ከሚል እምነት የመጣ ነው አለ። እኔ ይህን ቃል አምነዋለሁ። በመጨረሻው ዘፈን ላይ ግን ያ ጩኸት የለም። ተስፋው አልጠፋም፤ ድምፁ ወርዷል፤ መጠበቅ ብቻ ቀርቷል።

በመጨረሻም የአራተኛው ዘፈን ዜማ ይመለሳል። ባለ ሁለት ራሱን ልጅ በስሙ ይጠራዋል። የሚያስፈልግህ ሁሉ እሷ ናት ይለዋል። ልጅቱ ቲማቲም ታበላዋለች፣ የሬዲዮ ሽቦም ታበላዋለች፤ ንጹሕ አንሶላ ውስጥም ትተኛለች። ይህን ቦታ እንደ እንቆቅልሽ የሚተዉት አሉ፤ ቲማቲምና ሽቦ ምን አገናኘው ይላሉ። እኔ ግን እንቆቅልሽ ሆኖ አያውቅብኝም። በርገን ቤልሰንን አስቡ። ምግብ የለም። ከውጭ ዓለም ወሬ የለም፤ ያቺ ልጅ አባቷ መትረፉን የሚነግራት አንድ ሽቦ አጥታ ነው ተስፋ የቆረጠችው። አልጋው ደግሞ ቅማል ነው፤ ተስቦውን ያመጣው እሱ ነው። ዘፈኑ የሚያመጣው እነዚያን ሦስት ነገሮች ነው፤ እህል፣ ወሬ፣ ንጹሕ መኝታ። የተነፈገችውን ሁሉ እሷ ራሷ ሰጪ ሆና ስታድለው እናያለን። ጊዜን የሚሻገረው መሣሪያ ያላደረሰውን ግጥሙ አደረሰላት።

ከዚያ የመጨረሻው ቃል ይመጣል። ቃል በቃል አልናገረውም፤ አሁን ትሰሙታላችሁ። ለልጁ የሚሰጠው ምክር ነው፤ ተነሥታ ስትሄድ እንዳይጠላት።

ቅድም የተውኩት አንድ ነገር አለ። በዚህ አልበም ላይ የሚነሣ ከባድ ወቀሳ አለ፤ ወቀሳውን የሚያነሡት ሰዎች ደግሞ ቀላል ሰዎች አይደሉም። አና ፍራንክ የተገደለችው አይሁዳዊት በመሆኗ ነው። ስትሞት 15 ዓመቷ ነበር። የራሷ ድምፅ ነበራት፤ ደራሲ መሆን ትፈልግ ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ልታሳትመው ላሰበችው መጽሐፍ ርዕስ ሳይቀር አውጥታለት ነበር። ታዲያ አንድ አሜሪካዊ ወጣት በምን ፈቃድ የሕልሙ ፍቅረኛ ያደርጋታል? ነፍሷን በገዛ ምናቡ ወደ ስፔን ይልካታል? የሞተችበትን ምክንያት ትቶ ውበቷን ብቻ ይዞ አልቀረም?

ይህ ወቀሳ እውነት አለው። መሐል ላይ ባሉት ዘፈኖች እኔም የምሸማቀቅባቸው ቦታዎች አሉ። ሐዘን ሲበዛ የባለቤትነት ስሜት ያመጣል፤ የኔ ናት ያሰኛል። በቀብር ላይ አይተነዋል፤ ከሟች ቤተሰብ በላይ ደረት የሚደቃ ሰው ሁሉ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ፍቅሩ መጠኑን ስቶበት ነው። ማንገምም ለብዙ ዘፈን እንዲያ ነበር። ያድናታል፣ ይወልዳታል፣ ያቅፋታል።

መዝጊያው ግን ይህን ሁሉ ይፈታዋል። ያዛት አይልም። አትሂጂ አይላትም። ትሄዳለች፣ መሄዷም የራሷ ነው፣ አንተም አትቀየማት ይላል። ለእኔ የዘፈኑ ትርጉም ይህ ነው። ሙታንን የምንወድበት ፍቅር የሚፈተነው አጥብቀን በመያዛችን ይመስለን ይሆናል። ይህ ሰው 35 ደቂቃ ያህል አጥብቆ ከያዘ በኋላ በመጨረሻው ደቂቃ እጁን ሲፈታ እንሰማዋለን። ያለዚህ መዝጊያ አልበሙን እስከ ዛሬ የምሰማው አይመስለኝም።

እንግዲህ ያ የኮቴ ድምፅ። አትጥላት ብሎ እንደጨረሰ ጊታሩን ያስቀምጣል፣ ተነሥቶም ይሄዳል። እሷ ትሄዳለች ብሎ የዘፈነው ሰው ራሱ ሄደ። ስለዚህ ያን ሌሊት ወደ በሩ ስዞር የጠየቅኩት ጥያቄ ሁለት መልስ አለው፤ ሁለቱም አብረው ነው የወጡት።

ኋላም የሆነው ይህንኑ መሰለ። አልበሙ ወጥቶ ባንዱ በ1998 ሲዞር ከረመ፤ ከዚያ ማንገም ዝም አለ። ዝናው እያደገ በሄደ ቁጥር እሱ ይበልጥ ራቀ። አዲስ አልበም አልተከተለም። በ2000 ቡልጋሪያ ውስጥ ኮፕሪቭሽቲትሳ ወደምትባል የተራራ ከተማ ሄዶ የሕዝብ ዜማ ክብረ በዓል ቀድቶ ተመለሰ፤ በተከታዩ ዓመት ያንን አሳተመ። በዚያ ሥራ ላይ የእሱ ድምፅ የለም፤ የቡልጋሪያ ገጠር ሰዎች ይዘፍናሉ፣ እሱ ማይክሮፎን ይይዛል። ይህ ታሪኩ እኔን ከዝምታው ሁሉ በላይ ይነካኛል። ለብዙ ዓመት ሌላውን ሰው ወክሎ ሲጮህ የኖረ ሰው፣ ቁጭ ብሎ ሌላውን ሊሰማ ሄደ። ከ2010 በኋላ ቀስ በቀስ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ ከ2013 እስከ 2015 ባንዱ ተሰባስቦ አገር ለአገር ዞረ። ከዚያ በኋላ እንደገና ተለያዩ።

በቃኝ፤ ብዙ አወራሁ። አሁን ዘፈኑን እናሰማችኋለን። የእንግሊዝኛው ቃል ባይገባችሁ አትጨነቁ፤ አባቱን ሲጣራ በድምፁ ታውቁታላችሁ፣ ወንድሙ ጋ ሲደርስም ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። ጊታሩ ሲያበቃ አታጨብጭቡ፣ ወንበርም አታንቀሳቅሱ፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማ ነገር አለ። መብራቱን ብትቀንሱልን።